ስለ ሙሉ ክብ ጉርድ ቀሚስ አለካክ፣ አቈራረጥና አሰፋፍ

ለመንደር ትምህርት ቤት አስተማሪዎችና ማንበብ ለሚችሉ አረጋውያን የተዘጋጀ ትምህርት

ሰው ከምግብ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ልብስ ነው። ልብስም ያለ ልክ የተሠራ እንደ ሆነ ጨርቁ ይጠፋል፤ ገንዘቡ ይባክናል፤ የለባሹም ደስታ ወደ ኀዘን ይለወጣል። በዓል ሲቃረብ እናት ከቅቤና ከእንቍላል ሽያጭ ጥቂት በጥቂት ያጠራቀመችውን ገንዘብ ፈትታ ለልጇ ጨርቅ ትገዛለች። ልጅቱም በምትዞርበት ጊዜ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ሰፊ ጉርድ ቀሚስ ትመኛለች። ነገር ግን ጨርቅ አንድ ጊዜ በመቀስ ከተነካ በኋላ እንደ ፈሰሰ ውሃ ነው፤ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ስለዚህ የእናቲቱ ድካም የሚድነው ወይም የሚጠፋው በስፌቱ ጊዜ ሳይሆን፣ ከስፌቱ አስቀድሞ በሚደረገው ልኬት ነው።

ይህ ትምህርት የሚያስረዳው ዋና ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም የቀሚስ ስፋት ከጨርቁ ብዛት ይልቅ ከአቈራረጡ ቅርጽ የሚገኝ መሆኑን፣ ቅርጹም በግምት ሳይሆን በሒሳብ የሚገኝ መሆኑን ነው። አንዳንድ ወላጆች ልጆቻቸው ስለ ክብ ነገር ሒሳብ ሲማሩ አይተው፣ «ይህ ለእርሻ ወይስ ለቤት ምን ይረባል?» እያሉ ይጠይቃሉ። አንዳንድ የተማሩ ሰዎችም በበኩላቸው መርፌ መያዝን እንደ ዝቅተኛ ሥራ ይቈጥሩታል። ሁለቱም አሳብ ጕዳት አለው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ያስነገሩት፣ የእጅ ሥራ የተናቀበት አገር የሌላውን እጅ ሲጠብቅ የሚኖር መሆኑን ስላስተዋሉ ነው። ሒሳብና መርፌ በአንድ ቤት ሲገናኙ ምን እንደሚሠሩ ከዚህ በታች ባለው ምሳሌ ይታያል።

1ኛ፤ ሙሉ ክብ ቀሚስ የሚዘረጋበት ምክንያት

ጉርድ ቀሚስን ሰፊ ለማድረግ ሁለት መንገድ አለ። ፊተኛው መንገድ ረዥም ጨርቅ ወስዶ ላዩን በክር ሸብሽቦ በወገብ ልክ መሰብሰብ ነው። ሁለተኛው መንገድ ጨርቁን እንደ ምጣድ ክብ አድርጎ ቈርጦ፣ በመካከሉ በወገብ ልክ ክብ ቀዳዳ ማውጣት ነው። ሙሉ ክብ የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው።

የሁለቱን ልዩነት በቍጥር ማየት ይቻላል። የለባሿ ወገብ 66 ሳንቲሜትር፣ የቀሚሱም ቁመት 60 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ሙሉ ክብ ሆኖ የተቈረጠው ቀሚስ የታችኛው ጠርዙ ዙሪያ 443 ሳንቲሜትር፣ ማለት ከ4 ሜትር ተኩል ጥቂት ያነሰ ይሆናል። ይህንኑ ያህል ጠርዝ በሽብሽቦ ለማግኘት 443 ሳንቲሜትር ጨርቅ በ66 ሳንቲሜትር ወገብ ላይ መሰብሰብ ያስፈልጋል። ይህም ከስድስት እጥፍ በላይ ስለ ሆነ ወገቡ ይወፍራል፤ መርፌም አያሳልፍም። በጨርቁም በኩል ቢታይ፣ ለሽብሽቦው ከ27,000 ካሬ ሳንቲሜትር በላይ ጨርቅ ያስፈልጋል፤ ለክቡ ግን ወርድና ርዝመቱ 144 ሳንቲሜትር የሆነ ጨርቅ፣ ማለት 20,736 ካሬ ሳንቲሜትር ይበቃል። ስለዚህ ክቡ ከታች እኩል ሰፊ ሆኖ፣ ከላይ ግን አንዳች ሽብሽቦ የለበትም።

ለባሿ በምትዞርበት ጊዜ የሚሆነውም እንዲህ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የሚያግደው ካላገኘ በቀጥታ መንገድ ይሄዳል። በወንጭፍ የሚዞር ድንጋይ ጠፍሩን ወጥሮ የሚይዘው፣ ሲለቀቅም በቀጥታ የሚወረወረው ስለዚህ ነው። የቀሚሱም ጨርቅ ከወገብ ጋር ሲዞር ወደ ውጭ ይሸሻል፤ ወገቡ ግን ይዞ ያስቀረዋል። እንደ ከረጢት ቀጥ ብሎ የተሰፋ ጠባብ ቀሚስ ወደ ውጭ የሚዘረጋበት ትርፍ ጨርቅ ስለሌለው ባለበት ይቀራል። ሙሉ ክብ ቀሚስ ግን አስቀድሞ በመሬት ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ተዘርግቶ የተቈረጠ ነውና፣ ሲዞር ወደዚያው ወደ ጠፍጣፋው መልኩ ለመመለስ የሚያግደው የለም።

ይህን ቅርጽ ብዙ ሕዝብ ያውቀዋል። በቱርክ አገር በቆንያ ከተማ መውለዊ የሚባሉት ደርቪሾች በሚዞሩበት ሥርዐት ላይ የሚለብሱት ነጭ ልብስ እንደዚሁ የሚዘረጋ ነው። በሕንድ አገር በራጃስታን ሴቶች የሚለብሱት ጋግራ ደግሞ ከላይ ጠባብ ከታች ሰፊ የሆኑ ብዙ ቍራጮች ጎን ለጎን ተሰፍተው የሚሠራ ነው።

በአውሮፓ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በነበረበት ዘመን ጨርቅ ብርቅ ሆኖ ነበር። በእንግሊዝ አገር በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1941 እስከ 1949 ድረስ ልብስ በመንግሥት ኩፖን እየተመጠነ ይሸጥ ነበር። በ1947 ክርስቲያን ዲዮር የሚባል የልብስ ዐዋቂ በፓሪስ ወገበ ጠባብና ብዙ ጨርቅ የሚፈጅ ሰፊ ቀሚስ ባሳየ ጊዜ፣ ብዙዎች አደነቁት፤ ብዙዎችም «ጨርቅ ያባክናል» ብለው ነቀፉት። በዚያው ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ጁሊ ሊን ሻርሎት የምትባል ዘፋኝ ለልደት በዓል ግብዣ የምትለብሰው አጣች። ገንዘብ አልነበራትም፤ መስፋትም አታውቅም ነበር። እርሷም ከሱፍ ተዳምጦ የሚሠራ፣ ወርዱ ሰፊ የሆነና ሲቈረጥ ጠርዙ የማይተረተር ወፍራም ጨርቅ አግኝታ ክብ አድርጋ ቈረጠችው፤ በመካከሉም ቀዳዳ አወጣች፤ በላዩም የበዓል ጌጥ ለጠፈችበት። ይህ ዓይነት ቀሚስ ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ልጃገረዶች ዘንድ እጅግ ተወደደ። እንግዲህ ሥራውን የሠራው የስፌት ብልሃት ሳይሆን የቅርጹ ትክክለኛነት መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

2ኛ፤ ስለ ዕቃውና ስለ ጨርቁ

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ እርሱም ስለታም መቀስ፣ መርፌና ክር፣ እስፒል፣ ጠመኔ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ቀጥ ያለ ማስመሪያና የማይለጠጥ ሲባጎ ነው። የስፌት መኪና ካለ ሥራው ይፈጥናል፤ ከሌለም በእጅ ይሰፋል። ሜትር የሌለው ቤት የወገቡን ልክ በሲባጎ ወስዶ ከትምህርት ቤቱ ማስመሪያ ጋር ያስተያየዋል። በክንድና በስንዝር መለካት ለሌላ ሥራ ይበቃል፤ የአንዱ ክንድ ከሌላው ክንድ ስለሚለይ ግን ለዚህ ሥራ አይበቃም።

ጨርቁ ቀለል ያለና የሚንጠለጠል ሊሆን ይገባዋል። ለጀማሪ የሚሻለው የማያንሸራትት የጥጥ ጨርቅ ነው። እጅግ ደረቅ የሆነ ጨርቅ እንደ ድንኳን ይቆማል፤ እጅግ ስስ የሆነውም በነፋስ ጊዜ ያሳፍራል። አበባው ወይም ሥዕሉ ሁሉ ወደ አንድ ወገን የሚመለከት ጨርቅ ለሙሉ ክብ አይስማማም፤ ክቡ ሲለበስ በአንድ በኩል የቆመው ሥዕል በሌላው በኩል ይገለበጣልና።

የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። ስለዚህ ከመቈረጡ በፊት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኵሶ መለካት አለበት። ሳይታጠብ የተቈረጠ ቀሚስ ከአንድ ወር በኋላ ወገቡ ጠብቦ፣ ቁመቱም አጥሮ ይገኛል። ከዚህ በታች ባለው ምሳሌ ከታጠበ በኋላ ወርዱም ርዝመቱም 150 ሳንቲሜትር የሆነ ጨርቅ ተወስዷል።

3ኛ፤ ስለ ልኬቱና ስለ ሒሳቡ

ወገብ የሚለካው ለባሿ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ሆዷን ሳትሰበስብ፣ ሜትሩ ሳይጠብቅና ሳይላላ ነው። ልኩ 64 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ለመተንፈሻ 2 ሳንቲሜትር ተጨምሮ 66 ይሆናል። ቁመቱ ከወገብ ጀምሮ ቀሚሱ ሊደርስበት እስከሚፈለገው ቦታ ድረስ ይለካል፤ በዚህ ምሳሌ 60 ሳንቲሜትር ነው።

አሁን የሚፈለገው፣ ዙሪያው 66 ሳንቲሜትር የሆነ ክብ ከመካከሉ እስከ ዳሩ ስንት እንደ ሆነ ማወቅ ነው። ይህን ርቀት የሒሳብ መጽሐፍ ሬዲየስ ይለዋል። የማንኛውም ክብ ዙሪያ ከሬዲየሱ 6 እጥፍ ከ2/7 ያህላል፤ ይኸውም 44/7 ማለት ነው። ስለዚህ የወገቡን ልክ በ7 አብዝቶ ለ44 ማካፈል ነው። 66 በ7 ሲባዛ 462 ይሆናል፤ 462 ለ44 ሲካፈል 10 ተኩል ይደርሳል። ሬዲየሱ 10.5 ሳንቲሜትር ሆነ ማለት ነው።

በዚሁ ሒሳብ ወገቡ 55 ሳንቲሜትር ሲሆን ሬዲየሱ 8.75፤ ወገቡ 77 ሲሆን 12.25፤ ወገቡ 88 ሲሆን 14 ሳንቲሜትር ይሆናል።

ነገር ግን 10.5 የስፌቱ መስመር እንጂ የመቀሱ መስመር አይደለም። ጨርቁ ከወገብ ጥብጣብ ጋር ሲሰፋ 1 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። መቀሱ በ10.5 ላይ ቢቈርጥ ስፌቱ በ11.5 ላይ ያርፋል፤ ወገቡም ከ72 ሳንቲሜትር በላይ ይሆናል። ስለዚህ የመቀሱ መስመር ከ10.5 ላይ 1 ተቀንሶ በ9.5 ሳንቲሜትር ላይ ይሠመራል። የታችኛው መስመር ደግሞ 10.5 እና 60 ተደምረው 70.5፣ ለጠርዙ ማጠፊያ 1.5 ተጨምሮ 72 ሳንቲሜትር ይሆናል።

እንግዲህ ሦስት ቍጥር በወረቀት ላይ ይጻፋል፤ 9.5 የላይኛው መቀስ፣ 10.5 የወገቡ ስፌት፣ 72 የታችኛው መቀስ። እነዚህ ሦስት ቍጥሮች ሳይጻፉ ማንም መቀስ አያንሣ።

ብዙ ሰው የሚስተው በዚህ ቦታ ነው። ጨርቁ በአራት እንደሚታጠፍ ሰምቶ 66ን ለ4 ያካፍልና 16.5 አግኝቶ ያንን እንደ ሬዲየስ ይይዘዋል። 16.5 ግን የቀስቱ ርዝመት ነው እንጂ ከመካከል እስከ ዳር ያለው ርቀት አይደለም። በ16.5 የተቈረጠ ቀዳዳ ዙሪያው ወደ 104 ሳንቲሜትር ስለሚሆን፣ ቀሚሱ ከወገብ ላይ ሾልኮ ይወድቃል። ይህ ስሕተት የደረሰበት ሰው ጨርቁን አይጣለው፤ ትርፉን በክር ሸብሽቦ በጥብጣቡ ልክ ቢሰበስበው ቀሚሱ ይለበሳል፤ ነገር ግን ወገቡ ይወፍራል፤ ቁመቱም በ6 ሳንቲሜትር ያጥራል። ቀዳዳው ጠብቦ የተገኘ እንደ ሆነ ግን መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ ግማሽ ሳንቲሜትር ዙሪያውን ቢላጭ ወገቡ ከ3 ሳንቲሜትር በላይ ይሰፋል። የጠበበ ይሰፋል፤ የሰፋ ግን አይጠብም። ስለዚህ ተጠራጣሪ የሆነ ሰው ወደ መጥበቡ ያድላ።

4ኛ፤ ስለ አጣጠፍና ስለ አቈራረጥ

አስቀድሞ ከጨርቁ አንድ ጎን፣ በድሩ አቅጣጫ፣ ወርዱ 6 ሳንቲሜትር የሆነ ቍራጭ ከላይ እስከ ታች ይወጣል። ይህ ቍራጭ ለወገቡ ጥብጣብና ለመክፈቻው ይሆናል። የቀረው ጨርቅ ወርዱ 144፣ ርዝመቱ 150 ሳንቲሜትር ነው።

ከዚያ በኋላ ጨርቁ በንጹሕ ምንጣፍ ወይም በጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ፣ ከላይ ወደ ታች ሁለተኛ ጊዜ ይታጠፋል። በአራት የተደረበው ጨርቅ ወርዱ 72፣ ርዝመቱ 75 ሳንቲሜትር ሆነ ማለት ነው። እጥፋቱ ሁሉ በእጅ ተዳብሶ፣ ጭምድድ እንዳይኖርበት ተደርጎ፣ በእስፒል ይያያዛል።

አሁን ጨርቁ አራት ማዕዘን አለው። ከአራቱ አንዱ ብቻ የክቡ መካከል ነው፤ እርሱም እጥፋቶቹ ሁሉ የተገናኙበት፣ አንድም የተከፈተ ጠርዝ የሌለበት ማዕዘን ነው። ሰው ተሳስቶ ጠርዙ በተከፈተው ማዕዘን በኩል ቢቈርጥ፣ በአንድ ሙሉ ክብ ፋንታ የተለያዩ ቍራጮች በእጁ ይቀራሉ። ስለዚህ ትክክለኛው ማዕዘን በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል፤ ሁለተኛም ሰው ይጠራና እንዲያየው ይደረጋል።

ከማዕዘኑ ጀምሮ በማስመሪያ 9.5፣ 10.5 እና 72 ሳንቲሜትር ይለካል። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ማስመሪያውን እንደ ሰዓት ቈጣሪ ዘንግ እያዞሩ በብዙ ቦታ ነጥብ ማድረግ ይገባል። ነጥቦቹ ከተገናኙ በኋላ ሦስት ቀስት የሚመስሉ መስመሮች ይወጣሉ። ለታችኛው መስመር ጠመኔ የታሰረበት ሲባጎ መጠቀም ይቻላል፤ አንዱ ሰው ጫፉን በማዕዘኑ ላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ሌላው ጠመኔውን ቀጥ አድርጎ ያዞራል። ሲባጎው ቢለጠጥ ግን ክቡ ይጣመማልና በመጨረሻ በማስመሪያ ይመረመራል።

ከመቈረጡ በፊት አንድ ፈተና አለ። ሜትሩ ወይም ሲባጎው በ10.5 መስመር ላይ ከእጥፋት እስከ እጥፋት እየተጠማዘዘ ይዘረጋል። ጨርቁ በአራት የታጠፈ ስለ ሆነ፣ የሚገኘው ልክ የወገቡ ሩብ፣ ማለት 16.5 ሳንቲሜትር መሆን አለበት። 16.5 ከሆነ ሒሳቡ ልክ ነው። ካልሆነ ጠመኔው ተራግፎ እንደ ገና ይለካል። የጠመኔ ስሕተት በእጅ ይራገፋል፤ የመቀስ ስሕተት ግን አይራገፍም። አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቍረጥ የሚባለው ስለዚህ ነው።

ፈተናው ከተፈጸመ በኋላ በመጀመሪያ የታችኛው በ72፣ ቀጥሎ የላይኛው በ9.5 ይቈረጣል። መቀሱ ብዙ ድርብ ለመቍረጥ ካቃተው፣ መስመሩ በየድርቡ ተገልብጦ፣ ሁለት ሁለት ድርብ ይቈረጣል። በ10.5 ላይ ያለው መስመር አይቈረጥም። እጥፋቶቹ የወገቡን መስመር በሚነኩበት ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል፤ እነዚህ አራቱ ምልክቶች ወደ ፊት ጥብጣቡን ለማስማማት ያገለግላሉ። ከማዕዘን የወደቁት ቍራጮች ለኪስ ይሆናሉና አይጣሉ።

5ኛ፤ ስለ አሰፋፍ

ክብ ሆኖ የተቈረጠ ጨርቅ ሲያዝ ይለጠጣል። ስለዚህ ጨርቁ እንደ ተቈረጠ፣ በወገቡ ዙሪያ በ10.5 መስመር አጠገብ፣ ወደ ጠርዙ በጥቂቱ ጠጋ ብሎ አንድ ረድፍ ተራ ስፌት ይሰፋል። ይህ ስፌት ወገቡን እንደ ጠባቂ ሆኖ ይይዘዋል።

ቀጥሎ መክፈቻው ይሠራል። ሙሉ ክብ በጎኑ ስፌት ስለሌለው፣ ያለ መክፈቻ በወገብ ሊገባ አይችልም። ከአራቱ ምልክቶች በአንዱ ላይ፣ በድሩ አቅጣጫ፣ ከወገቡ ጠርዝ ወደ ታች 18 ሳንቲሜትር ይሰነጠቃል። ከ6 ሳንቲሜትሩ ቍራጭ 37 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ይቈረጣል፤ ስንጥቁ ተከፍቶ እንደ ቀጥታ መስመር ከተዘረጋ በኋላ ቍራጩ በጠርዙ ላይ ይሰፋል፤ ከዚያም ወደ ውስጥ ታጥፎ ጠርዙን ሸፍኖ ይያዛል። የስንጥቁ ጫፍ በኋላ እንዳይቀደድ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ይሰፋል።

የወገቡ ጥብጣብ 71 ሳንቲሜትር ርዝመት አለው። በአንደኛው ጫፍ 1 ሳንቲሜትር ለስፌት ይተዋል፤ ቀጥሎ አራት ጊዜ 16.5፣ ማለት 66 ሳንቲሜትር ይለካል፤ ከዚያ 3 ሳንቲሜትር ለመደራረቢያ፣ በመጨረሻም 1 ሳንቲሜትር ለስፌት ይሆናል። በጥብጣቡ ላይ ያሉት የ16.5 ምልክቶች በቀሚሱ ላይ ካሉት ምልክቶች ጋር በእስፒል ይገጠማሉ። የቀሚሱ ጠርዝ ከስፌቱ መስመር ይልቅ አጭር ስለ ሆነ እንዳይጨማደድ፣ በየ2 ሳንቲሜትሩ በመቀስ ጫፍ ትንሽ ትንሽ ይበጣል፤ ብጣቱ ግን ጠባቂውን ስፌት እንዳይነካ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ጥብጣቡ በ10.5 መስመር ላይ ይሰፋል፤ ሁለተኛው ጠርዙ 1 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ስፌቱን ሸፍኖ፣ በውስጥ በኩል ይያዛል። የተፈጸመው ጥብጣብ ወርዱ 2 ሳንቲሜትር ይሆናል። በመደራረቢያው ላይ ቍልፍና የቍልፍ ቀዳዳ ይደረግበታል።

6ኛ፤ ስለ መስቀልና ስለ ታችኛው ጠርዝ

ትዕግሥት የሚፈተነው በዚህ ክፍል ነው። ቀሚሱ ያለቀ ስለሚመስል ጠርዙን ወዲያው ለመስፋት እጅ ይቸኵላል። ነገር ግን ጨርቅ ከድርና ከማግ የተሠራ ነው። በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ሲሳብ አይለጠጥም፤ በሰያፍ ሲሳብ ግን ይለጠጣል። ይህን ማንም በመሐረብ ሊፈትነው ይችላል። በክብ ቀሚስ ላይ አንዱ ክፍል በድሩ፣ ሌላው በማጉ፣ የቀረው በሰያፍ ተንጠልጥሏል። ሰያፉ ክፍል በራሱ ክብደት ጥቂት በጥቂት ይወርዳል። ስለዚህ ጠርዙ በዕለቱ ቢሰፋ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ቀሚሱ በአራት ወገን ተንጠልጥሎ፣ በአራት ወገን አጥሮ ይገኛል።

መፍትሔው ቀሚሱን በወገቡ ይዞ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ማለት 24 ሰዓት መስቀል ነው። የሚወርደው ክፍል ከወረደ በኋላ ለባሿ ለብሳው ቀጥ ብላ ትቆማለች። ረዳቷ ቀጥ ያለ ዘንግ በመሬት ላይ አቁማ፣ ጠርዙ እጅግ ያጠረበትን ቦታ ከመሬት ትለካለች፤ ያንንም ከፍታ በዘንጉ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ከዚያ ዘንጉን ይዛ በዙሪያዋ እየዞረች በየቦታው በጠመኔ ትነቅሳለች። መዞር ያለባት ረዳቷ እንጂ ለባሿ አይደለችም፤ ለባሿ ብትዞር ወይም ብታጐነብስ ልኩ ይዛባል። ከምልክቱ በታች ያለው ትርፍ ሁሉ ይቈረጣል።

ጠርዙ መጀመሪያ ግማሽ ሳንቲሜትር፣ ቀጥሎ 1 ሳንቲሜትር ታጥፎ ይዘመዘማል። ሰፊ እጥፋት ለዚህ ቀሚስ አይሆንም። ምክንያቱም ክብ ወደ ውጭ በወጣ ቍጥር ዙሪያው ይረዝማል፤ ሬዲየሱ በ1 ሳንቲሜትር ሲጨምር ዙሪያው በ6 ሳንቲሜትር ከ2/7 ይጨምራል። 1.5 ሳንቲሜትር ሲታጠፍ የሚተርፈው ጨርቅ ከ9 ሳንቲሜትር ጥቂት የበለጠ ነው፤ እርሱም በ4 ሜትር ተኩል ላይ ተበትኖ በእጅ እየተዳበሰ ይጠፋል። 5 ሳንቲሜትር ቢታጠፍ ግን ከ31 ሳንቲሜትር በላይ ስለሚተርፍ ጠርዙ ሁሉ ይጨማደዳል።

በእጅ ለሚሰፋ ሰው ይህ ጠርዝ ረዥም ሥራ ነው። በአንድ ሳንቲሜትር ሦስት ስፌት ቢሆን ከ1,300 በላይ ስፌት ይሆናል። ስለዚህ በሁለትና በሦስት ምሽት ተከፍሎ፣ ክሩም አጭር አጭር እየተደረገ ቢሠራ ይሻላል።

7ኛ፤ ጨርቁ ጠባብ ስለ ሆነ ጊዜ

የገበያው ጨርቅ ወርዱ 90 ሳንቲሜትር ብቻ ቢሆን ግማሽ ክብ ይሠራል። የግማሽ ክብ ሬዲየስ የሚገኘው የወገቡን ልክ በ7 አብዝቶ ለ22 በማካፈል ነው፤ ለ66 ወገብ 21 ሳንቲሜትር ይሆናል። የላይኛው መቀስ በ20፣ የታችኛው በ82.5 ይሆናል፤ በቀጥታው ጠርዝ በኩልም ለስፌት 1 ሳንቲሜትር ይጨመራል። ለዚህ 165 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ጨርቅ ይበቃል፤ ለጥብጣቡ የሚሆነውም ከተራረፈው ቍራጭ ይወጣል። የታችኛው ዙሪያ 254 ሳንቲሜትር ያህል ነው። እንደ ሙሉ ክብ ባይዘረጋም በመልካም ይንጠለጠላል፤ መክፈቻውም በኋላው ስፌት ውስጥ ስለሚተው ለጀማሪ ይቀላል።

በእጅ የተሸመነ የአገር ሸማ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ሸማኔው መወርወሪያውን በእጁ ከወዲህ ወዲያ ስለሚያቀብል የሸማው ወርድ ከእጁ መድረሻ አያልፍም። ጥበቡም በቀጥታ የተሸመነ ስለ ሆነ ከክብ ጠርዝ ጋር ሊጠማዘዝ አይችልም፤ ክብ ተደርጎ የተቈረጠ እንደ ሆነ ብዙ ቀን የተደከመበት ጥበብ ተቈራርጦ ይጠፋል። ስለዚህ ጥበብ ያለው ሸማ በመቀስ ክብ አይደረግም። ሰፊ እንዲሆን የተፈለገ እንደ ሆነ፣ ጥበቡ ከታች በቀጥታ እንዲቀር ተደርጎ ከላይ በሽብሽቦ ወይም በሽንሽን ይሰበሰባል። የሸማኔውን ድካም ማክበር ማለት ይህ ነው።

8ኛ፤ በክፍል ውስጥ ስለ ማስተማር

አስተማሪው ይህን ትምህርት ያለ ጨርቅ ሊጀምረው ይገባል። ተማሪዎች ከቤታቸው ክብ ነገር፣ ይኸውም ወንፊት፣ ሳሕን፣ የድስት ክዳን ያምጡ። የእያንዳንዱን ዙሪያ በሲባጎ ለክተው፣ ያንኑ ሲባጎ በመካከሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ያመላልሱት። ዕቃው ትንሽም ቢሆን ትልቅ፣ ሲባጎው ሦስት ጊዜ ደርሶ ጥቂት ይተርፋል። ይህን በዐይናቸው ካዩ በኋላ 22/7 የሚባለው ቍጥር ከመጽሐፍ የተወረወረ ሳይሆን በእያንዳንዱ ወንፊት ውስጥ ያለ መሆኑን ያስተውላሉ።

ከዚህ ቀጥሎ ወርድና ቁመቱ ግማሽ ሜትር በሆነ አሮጌ ወረቀት ላይ ሲሶ ልክ ይሥሩ። ወገቡ 22፣ ሬዲየሱ 3.5፣ ቁመቱ 20፣ የታችኛው ሬዲየስ 23.5 ሳንቲሜትር ይሆናል። ወረቀት ስለ ሆነ ለስፌት የሚጨመር የለም። በአራት አጥፈው፣ ማዕዘኑን መርጠው፣ ቀስቱን ፈትነው ይቍረጡ። የአንዱ ቀስት 5.5 ሳንቲሜትር ካልሆነ ስሕተቱን ራሱ ፈልጎ ያግኝ። በወረቀት የተሳሳተ ልጅ የእናቱን ጨርቅ አያበላሽም።

ይህ ትምህርት ለሴቶች ልጆች ብቻ ነው ማለት አይገባም። በአገራችን ገበያ በየበረንዳው መኪናቸውን ይዘው የሚሰፉት በብዛት ወንዶች ናቸው። ሒሳቡም ወንድና ሴት አይለይም። ጕድጓድ የሚያጥር፣ ክብ ጎጆ የሚቀልስ፣ የእህል ጐተራ የሚሠራ ሰው ሁሉ ስለ ክብ ይህንኑ ሕግ ይጠቀማል።

አረጋውያንም በበኩላቸው ሁለት ነገር ቢያደርጉ ትምህርቱ ይበረታል። አንደኛው፣ ልጁ በሲባጎና በጠመኔ ሲለካ ሲያዩ እንደ ጨዋታ ሳይቈጥሩ ምክንያቱን እንዲናገር ይጠይቁት፤ መናገር የሚችል ልጅ ገብቶታል። ሁለተኛው፣ ለበዓል የሚሆነው ጨርቅ አስቀድሞ እንዲገዛ ይምከሩ። በበዓሉ ዋዜማ የተገዛ ጨርቅ አይታጠብም፤ በጥሞና አይለካም፤ 24 ሰዓትም አይሰቀልም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት የቀደመ ሰው ግን ሁሉን በሥርዐት ይፈጽማል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚታወሰው እነሆ ይህ ነው፤ ጨርቁ ይታጠብ፤ ወገቡ ይለካ፤ በ7 ተባዝቶ ለ44 ይካፈል፤ የተዘጋው ማዕዘን ይመረጥ፤ ሩቡ ቀስት ይፈተን፤ ከዚያ በኋላ መቀስ ይነሣ፤ ወገቡ ተሰፍቶ አንድ ቀን ከተሰቀለ በኋላ ጠርዙ ይዘመዘም። ይህን የጠበቀች እናት በበዓሉ ቀን ልጇ በግቢው ውስጥ ስትዞር፣ ቀሚሱም ተዘርግቶ እኩል ሲቆም ታያለች፤ ያጠራቀመችው ገንዘብም በከንቱ አልወጣም።